ከባሕረ ሐሳብ እስከ ጥርሳም መንኮራኩር፦ የሒሳብ ማሽኖች ጥንተ ታሪክ

ከድብ ባሕር ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወደ ደባርቅ የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው። በመስኮቷ ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ በዙሪያቸው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተጻፈባቸው ክቦች ይታያሉ። መኪናው በተጓዘ ቁጥር በስተቀኝ ያለው ክብ ይዞራል፤ ዘጠኝን አልፎ ወደ ዜሮ ሲመለስ በስተግራው ያለውን ጎረቤቱን በአንድ ቁጥር ያንቀሳቅሰዋል። በየግቢው የተተከለው የውኃ ቆጣሪና አሮጌው የመብራት ቆጣሪም የሚቆጥሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ተማሪ ደብተሩ ላይ ሲደምር «2 ጻፍ፣ 1 ያዝ» የሚለው ነገር ይህ ነው። «አንድ መያዝ» ለሰው ቀላል ቢመስልም፣ የሰው ልጅ ብረትን ሒሳብ ለማሠራት በተነሣ ጊዜ የገጠመው የመጀመሪያው ታላቅ እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር። እንቆቅልሹ በአውሮፓ የተፈታው የጎንደር ከተማ በተቆረቆረችበት ዘመን አካባቢ ነው። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን አቆጣጠር አስማምተው የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ያለ ምንም ማሽን ያሰሉ ነበር። የሁለቱ ታሪኮች መንገድ የተለያየ ቢሆንም የሚገናኙባቸው ነጥቦች ብዙ ናቸው።

ያለ ማሽን የሚሠራው ስሌት

ባሕረ ሐሳብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዘመን መቁጠሪያ ትምህርት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የስሌቱን መሠረት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። ትምህርቱ በአብነት ትምህርት ቤቶች ሲወርድ ሲዋረድ ዘልቋል። በዘመናችንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ መጽሐፍ አዘጋጅተውበታል፤ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወርም እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የዘመን ስሌት ራሱን የቻለ ጥናት አሳትሟል።

የስሌቱ ባሕርይ የሚገባው በምሳሌ ሲታይ ነው። የ2017 ዓ.ም. ጾመ ነነዌና ትንሣኤ መቼ እንደዋሉ ለማወቅ ሊቁ የሚከተለውን ያደርጋል።

በመጀመሪያ 5 ሺህ 500 ዓመተ ኩነኔን በ2017 ላይ ይደምራል፤ ዓመተ ዓለሙ 7 ሺህ 517 ይሆናል። ይህን ለ19 ሲያካፍል 12 ይተርፋል። ከቀሪው አንድ ቀንሶ 11ን ይይዛል፤ ይህም «ወንበር» ይባላል። ወንበሩን በ19 ሲያባዛ 209 ይመጣል፤ 209ን በ30 ሲገድፈው 29 ይቀራል። ይህ «መጥቅዕ» ነው። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እያንዳንዱ ዕለት «ተውሳክ» የሚባል የተመደበ ቁጥር አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። የረቡዕን 4 በ29 ላይ ሲደምር 33 ይሆናል። ወር 30 ቀን ስለሆነ 30ው ተገድፎ 3 ይቀራል፤ ወሩም ከጥር ወደ የካቲት ያልፋል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ። ከዚያ ቀን 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ላይ ይገኛል። በእርግጥም የ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ የተከበረው በዚያ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው 33 ወደ 3 የተመለሰበትና ወሩ በአንድ የተሻገረበት እርምጃ ነው። ይህ እርምጃ ከጭነት መኪናው ቆጣሪ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመኪናው ክብ በ10 ሲሞላ ጎረቤቱን መግፋቱ፣ የባሕረ ሐሳቡ «ክብ» ደግሞ በ30 ሲሞላ ማለፉ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ንዑስ ቀመር የሚሉት የ19 ዓመት ዑደት፣ ማዕከላዊ ቀመር የሚሉት የ76 ዓመት ዑደትና ዐቢይ ቀመር የሚሉት የ532 ዓመት ዑደት አንዱ ሌላውን የሚያሽከረክር የመንኮራኩር ሥርዓት ይመስላሉ።

የ19 ዓመቱ ዑደት በነሐስ ሲሠራ

19 ቁጥር በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እጅግ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ በዓመቱ ውስጥ በተመሳሳይ ቀን ገደማ ትወለዳለች። ይህን ዑደት የጥንት ሰዎች በነሐስ ጭምር ሠርተውታል።

ከሰፍነግ ጠላቂዎች በአንቲኪቴራ የግሪክ ደሴት አጠገብ ከሰመጠ ጥንታዊ መርከብ ውስጥ ያገኙት ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1901 ከባሕር ወጣ። ዕቃው መጀመሪያ ላይ የዛገ ጉማጅ ብረት ይመስል ነበር። ቆየት ብሎ በራጅ ሲመረመር ግን ቢያንስ 30 ጥርሳም መንኮራኩሮች ተገኙበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ወይም በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚገመተው ይህ መሣሪያ እጀታው ሲዞር የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ያሳይ፣ ግርዶሽንም ይተነብይ ነበር። ከመደቦቹ አንዱ 235ቱን የጨረቃ ወራት በ19 ዓመት የሚቆጥር ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ በቃሉ የሚይዘውን ቁጥር የግሪኩ አንጥረኛ በመንኮራኩር ጥርስ ቁጥር ይዞታል ማለት ነው።

ጎንደር ስትቆረቆር

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመናት ሰዎች ለመደመርና ለማባዛት የሚጠቀሙት በጠጠር፣ በዶቃ ሰሌዳና በጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1617 የስኮትላንዱ ጆን ናፒየር የማባዣ ሰንጠረዥ የተቀረጸባቸውን ዘንጎች አስተዋወቀ። ዘንጎቹ ማባዛትን ወደ መደመር ያቀሉት ነበር፤ መደመሩና «አንድ መያዙ» ግን አሁንም የሰው ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1623 በጀርመን የቲዩቢንገን ዩኒቨርሲቲ የዕብራይስጥ መምህር የነበረው ቪልሄልም ሺካርድ ለሥነ ፈለክ ሊቁ ለዮሐንስ ኬፕለር ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው የሚደምርና የሚቀንስ፣ ሲሞላም አንድ ይዞ የሚያልፍ መሣሪያ መሥራቱን ገለጸ። ማሽኑ እስከ ስድስት አኃዝ ይቆጥር ነበር፤ ከዚያ ሲያልፍ ደወል ይደውላል። በሚቀጥለው ዓመት ለኬፕለር እየተሠራ የነበረው ማሽን በእሳት ቃጠሎ እንደጠፋ ጻፈለት። ሺካርድም እ.ኤ.አ. በ1635 በወረርሽኝ ሞተ፤ ሥራው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ተረስቶ ቀረ።

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው፣ በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1642 ብሌዝ ፓስካል የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በፈረንሳይ የራሱን የመደመሪያ ማሽን መሥራት ጀመረ። ምክንያቱ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። አባቱ በሩዋን ከተማ የግብር ሹም ነበሩና ሌሊቱን ሙሉ የግብር ሒሳብ ሲደምሩ ያድሩ ነበር። ግብር የሚከፍል ገበሬም ሆነ ግብር የሚሰበስብ ሹም አንዲት የድምር ስሕተት ምን እንደምታስከትል ያውቃል።

ፓስካል የተጋፈጠው ችግር ይህ ነው። በማሽኑ ላይ 999,999 ቢሞላና አንድ ቢደመር ስድስቱም መንኮራኩሮች በአንድ ጊዜ መዞር አለባቸው። ሁሉንም የመግፋቱ ኃይል በአንዲት ጥርስ ላይ ካረፈ ጥርሷ ትሰበራለች ወይም ማሽኑ ይነክሳል። ፓስካል እያንዳንዱ መንኮራኩር ሲዞር የራሱን ትንሽ ክብደት ቀስ በቀስ ወደ ላይ እንዲያነሣ አደረገ፤ ዘጠኝን ሲያልፍ ክብደቱ ይወድቅና ጎረቤቱን ይገፋል። አንድ ሰው ስድስት ጆንያ በአንድ ላይ ከሚገፋ፣ ስድስት ሰዎች ተሰልፈው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጆንያ ቢያሳልፉ እንደሚቀል ማለት ነው።

ወጣቱ 50 ያህል የሙከራ ማሽኖችን ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1645 ሥራውን ለሕዝብ አቀረበ። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ገንዘብ በ12 እና በ20 የሚመነዘር ስለነበረ ለገንዘብ ሒሳብ የተሠሩት ማሽኖች በ12 እና በ20 የሚያልፉ መንኮራኩሮችም ነበሯቸው። በ30 ከሚያልፈው የባሕረ ሐሳብ ስሌት ጋር ያለው ዝምድና እዚህም ይታያል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ውድ ነበርና ገበያው ጠበበ፤ የተሸጡት ጥቂት ናቸው።

ላይብኒዝ እና የግእዙ ወዳጅ

ቀጣዩ እርምጃ ማባዛት ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ የማሽኑን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1673 ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር አሳየ። የእርሱ ፈጠራ ዘጠኝ ጥርሶች ያሉት፣ የጥርሶቹ ርዝመት እንደ ደረጃ የሚጨምር ከበሮ ነው። ከበሮው አንድ ጊዜ ሲዞር፣ አጠገቡ ያለው ትንሽ መንኮራኩር በተቀመጠበት ቦታ ልክ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ጥርስ ይነካል። በዚህም የተመረጠው ቁጥር በአንድ ዙር ይደመራል። 24ን በ13 ለማባዛት እጀታውን ሦስት ጊዜ ማዞር፣ ማሽኑን አንድ ቤት ወደ ግራ ማንሸራተትና አንድ ጊዜ መጨመር ይበቃል፤ ውጤቱ 312 ይሆናል።

ላይብኒዝ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ክር አለው። ዐፄ ፋሲል የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ከሀገር ባስወጡ ጊዜ አብረው ከወጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ከአማራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የተገኙት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ ወደ ጎታ ሄደው ግእዝና አማርኛን እንዲሁም የሀገራቸውን ታሪክ አስተማሩት። ሉዶልፍ በዚህ ትምህርት ላይ ተመሥርቶ የግእዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1681ም የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍና ላይብኒዝም ስለ ቋንቋዎች ለዓመታት ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። የማባዣውን ማሽን የሠራው ሰው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች ያወቀው የአባ ጎርጎርዮስ ተማሪ ከሆነ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

እጥፍና ግማሽ

ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1703 ባሳተመው ጽሑፍ ሁሉም ቁጥር በ0 እና በ1 ብቻ ሊጻፍ እንደሚችል አስረዳ። የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዚህ አጻጻፍ ነው። ከዚህ አጻጻፍ ጋር የሚዛመድ የማባዣ ስልት በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ ይጠራል፤ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» የሚሉትም አሉ። የጥንት ግብፃውያንም በማጠፍ ያባዙ ነበር።

ስልቱ ማጠፍና ማጋመስ ለሚችል ሰው ሁሉ ይበቃል። ለ13 ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 24 ኪሎ ግራም ዘር ቢታደል ጠቅላላው ስንት ነው? በአንድ ወገን 13ን እያጋመሱ፣ ግማሽ ሲተርፍ እየጣሉ ይጽፋሉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በሌላ ወገን 24ን እያጠፉ ይጽፋሉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግማሹ ወገን ሙሉ ቁጥር የሆነው 6 ነውና አጠገቡ ያለው 48 ይሰረዛል። ጎዶሎ ከሆኑት ከ13፣ ከ3 እና ከ1 አጠገብ ያሉት 24፣ 96 እና 192 ይደመራሉ፤ 312 ኪሎ ግራም ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 13 ማለት 1 እና 4 እና 8 ሲደመሩ ነው። ኮምፒውተርም ሲያባዛ በመሠረቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያጥፋል፣ ይመርጣል፣ ይደምራል።

የባቤጅ ሕልም እና የሸማኔው ካርድ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማሽኑ ወደ ቢሮ ገባ። ፈረንሳዊው ቶማስ ደ ኮልማር እ.ኤ.አ. በ1820 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ የላይብኒዝን ከበሮ የሚጠቀም ማሽን ከ1851 ጀምሮ በብዛት ተሠርቶ ተሸጠ።

በእንግሊዝ ግን ቻርልስ ባቤጅ ከዚህ የሰፋ ሐሳብ ነበረው። በዚያ ዘመን መርከበኞች በሰው እጅ በተሰሉ ሰንጠረዦች ይመሩ ነበር፤ ሰንጠረዦቹም በስሌትና በኅትመት ስሕተት የተሞሉ ነበሩ። ባቤጅ ሰንጠረዡን ራሱ የሚያሰላና የሚያትም ማሽን ለመሥራት ተነሣ። መርሑ ቀላል ነው። 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 የሚሉትን ቁጥሮች ልዩነት ብንወስድ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ይሆናል፤ የእነዚህ ልዩነት ደግሞ ሁልጊዜ 2 ነው። ስለዚህ 9 ላይ 2 ደምሮ 11፣ 25 ላይ 11 ደምሮ 36 ማግኘት ይቻላል። ማባዛት ሳያስፈልግ በመደመር ብቻ ሰንጠረዡ ይቀጥላል።

የእንግሊዝ መንግሥት ለሥራው ከ17 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጣ። ሆኖም በሺዎች የሚቆጠሩ ፍጹም ተመሳሳይ ክፍሎችን መቅረጽ ለዘመኑ አንጥረኞች ከባድና ውድ ነበር፤ ባቤጅም ከዋና ባለሙያው ጋር ተጣላ። እ.ኤ.አ. በ1842 መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። የስዊድን አባትና ልጅ ጆርጅና ኤድዋርድ ሾይትዝ ግን በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ ማሽን በ1853 አጠናቀቁ። በሰሜን ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ለማስቀለጥ የደከሙትም በዚያው ዘመን ነው፤ ብረትን በልክ መሥራት በየሀገሩ የጊዜው ፈተና ነበር።

ባቤጅ በመካከሉ ሌላ ማሽን አሰበ፤ የታዘዘውን ስሌት ሁሉ የሚሠራ። ትእዛዙን የሚቀበልበትን መንገድ የወሰደው ከሸማኔዎች ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 ያወጣው የሽመና ዕቃ የተበሱ ካርዶችን እያነበበ የትኛው ክር እንደሚነሣ ይለያል። ጥለት የሚያወጣ የሀገራችን ሸማኔ ክሩን በዓይኑና በጣቱ እየቆጠረ በልቡ የሚይዘውን ሥርዓት ዣካር በካርድ ቀዳዳ አሰፈረው ማለት ነው። አዳ ላቭሌስ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመችው ማስታወሻ ማሽኑ አንድ የታወቀ የቁጥር ተከታታይ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚያሰላ ጻፈች፤ ብዙዎች ይህን የመጀመሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሉታል። ማሽኑ ግን አልተሠራም።

የባቤጅ ሐሳብ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው ዘግይቶ ነው። የለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም በባቤጅ ንድፍ መሠረት የሰንጠረዥ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1991 ሠርቶ አስላበት፤ ማተሚያው ደግሞ በ2002 ተጠናቀቀ።

የተበሳው ካርድ በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ለሥራ ዋለ። የ1880ው ቆጠራ ውጤት ተጠናቅሮ እስኪያልቅ ሰባት ዓመት ያህል ፈጅቶ ነበር። ኸርማን ሆለሪት እያንዳንዱን ሰው በአንድ ካርድ የሚወክልና ቀዳዳዎቹን በኤሌክትሪክ የሚቆጥር ማሽን ለ1890ው ቆጠራ አቀረበ። ኩባንያው ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ1924 አይ.ቢ.ኤም. ተባለ። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ የመንኮራኩሩን ቦታ ቀስ በቀስ ወሰደ።

ለገበሬው ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ የሒሳብ ማሽን በኪሱ ይዟል። ስልኩ ግን መልሱን እንጂ መንገዱን አያሳይም። አሮጌው ቆጣሪ ክቦቹ ሲዞሩ ለዓይን ይታይ ነበር፤ ባሕረ ሐሳብም እያንዳንዱ እርምጃ በአንደበት ይነገራል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሚዛን ላይም ሆነ ደረሰኝ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲያይ ይጠይቃል፤ መንገዱን የማያውቅ የተሰጠውን ይቀበላል።

ጥቅሙ ለአርቢውም ቅርብ ነው። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፤ በመካከሉ ግን በ35 ቀናት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። በግ ለማድለብ ሦስት ወር ገደማ የሚያስፈልገው አርቢ የበዓሉን ቀን አስቀድሞ ካላወቀ ወይ በጉ ሳይደርስ ገበያው ይመጣበታል፣ ወይ በጉ ደርሶ መኖ እየበላ ይቆይበታል።

የ2018 ዓ.ም. ስሌት ይህን ያሳያል። ዓመተ ዓለሙ 7 ሺህ 518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲደመር 25 ይሆናል። 30 ስላልሞላ ወሩ አይሻገርም፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል፤ ካለፈው ዓመት በ8 ቀን ይቀድማል። ሦስት ወር የሚያደልብ አርቢም ሥራውን መጀመር ያለበት ከጥር 4 ወዲያ ሳይዘገይ ነው። ለዚህ ስሌት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ወረቀት የሌለውም በቃሉ ይደርስበታል።